የአጥሩ ውበት የማን ዕዳ ነው?

ሰው ወደ እርጅና ሲጠጋ ምን ዓይነት አመል እንደሚያወጣ አይታወቅም። እኔ ሃምሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ብስክሌት ጀመርኩ። ሱቅ ደርሶ ለመመለስ የሚነዳውን ዓይነት ማለቴ አይደለም፤ ጎማው የቀጠነውን፣ መሪው እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የተጠመዘዘውን፣ ኮርቻው ሰው ለማስቀመጥ ሳይሆን ለመቅጣት የተሠራ የሚመስለውን ነው። ምክንያቱ ስኳር ነው። ሐኪሜ "ተንቀሳቀስ" አለኝ፤ ጉልበቴ ደግሞ "መራመዱን እኔ አልችልም" አለ፤ በሁለቱ መካከል ብስክሌት ተገኘ። ባለቤቴ ጠባቡን ቁምጣ ያየች ዕለት "በል እንግዲህ፣ ያገር ሰው እንዳያይህ ሳይነጋ ውጣ" አለችኝ። ምክሯን ተቀብዬ እስከ ዛሬ የምወጣው ሳይነጋ ነው።

ለሃያ ዓመት ያህል ለንደን ውስጥ አውቶቡስ ነድቻለሁ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ብስክሌተኛ ማለት ለእኔ ሳይታሰብ ከመስታወቱ ጥግ ብቅ ብሎ ልብ የሚያወርድ ፍጡር ነበር፤ ስንቱን በሆዴ ረግሜዋለሁ። እርግማኑ ዞሮ ዞሮ እኔው ላይ መጣ።

የምንሄደው ሁለት ሆነን ነው። ወዳጄ በዕድሜ አሥራ አምስት ዓመት ያንሰኛል። "ጋሼ" ይለኛል፤ ዳገት ላይ ግን ጋሼነቴን ረስቶ ጥሎኝ ይሄድና ጫፍ ሲደርስ ትዝ ይለዋል፤ ቆሞ ይጠብቀኛል። እሱ የአርሲ ልጅ ነው። እኔም በልጅነቴ ትምህርት ሲዘጋ ክረምቱን የማሳልፈው አርሲ፣ አያቴ ዘንድ ነበር። ወዳጅነታችን የተጀመረውም በዚሁ ነው፤ የጭላሎን ብርድ፣ የስንዴውን እሸት፣ የገብሱን ቆሎ እያነሣን። የአያቴን ነገር ግን ከዚያ አልፌ አላወራሁትም ነበር።

ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ስለ ጤና አይደለም። አንድ እሑድ ወዳጄ የተናገረኝ ነገር ለወራት ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለኝ ነው። ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፤ በሌላ ሰው መገፋት የተሠራ ውበት ቢኖር፣ እሱን አይቶ መደሰት ነውር ነውን?

በመጀመሪያ ስለ ውበቱ ላውራ። የእንግሊዝን ገጠር በባቡር መስኮት ያየ ሰው አየሁ ማለት ይቸግረዋል። በመኪና ያለፈበትም ያው ነው። ብስክሌት ላይ ግን እያንዳንዱን ጉብታ ጭንህ ይቆጥረዋል፤ መሬቱ ቀስ ብሎ ይነሣል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ ደግሞ ይነሣል፤ እንደ ተኛ ሰው ትንፋሽ ነው። የገጠሩ መንገድ አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ ነው። ብዙ ቦታ ላይ አስፋልቱ መሐል ሣር በቅሎበታል። ከግራና ከቀኝ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የቁጥቋጦ አጥር አለ፤ ሜይ ላይ ነጭ አበባ ለብሶ ይጠብቅሃል፤ ኦገስት ሲያልቅ ደግሞ ጥቁር እንጆሪ ያፈራል፤ ቆመህ ብትለቅም ማንም "ምን ታደርጋለህ?" አይልህም። ከላይ ጅራቱ እንደ መቀስ የተከፈተ ቀይ ጭልፊት ያንዣብባል። ይህ ወፍ እንግሊዝ ውስጥ ፈጽሞ ጠፍቶ ነበር፤ ዛሬ በዚህ አካባቢ የሚታየው እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ከስፔን ጫጩት እየመጣ ቺልተርን በሚባሉት ኮረብቶች ላይ ከተለቀቀ በኋላ የተራባው ነው። እሱም እንደኛው መጤ ነው፤ ወረቀት የሚጠይቀው ግን የለም።

እንደ ነጂ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በእነዚህ ጠባብ መንገዶች ላይ፣ የተለየ ምልክት ካልተተከለ በስተቀር፣ በሕግ የተፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 60 ማይል ነው። ላምና መኪና ጎን ለጎን በማይተላለፉበት ቦታ! እርግጥ በ2022 የተሻሻለው የመንገድ ደንብ በሰዓት እስከ 30 ማይል የሚሄድ ነጂ ብስክሌተኛን ሲቀድም ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል እንዲርቅ ይመክራል። ነገር ግን አንድ ሜትር ተኩል የሌለው መንገድ ላይ የሚያድነው ደንቡ ሳይሆን ይሉኝታ ነው፤ አንዱ ጥግ ይዞ ይቆማል፣ ሌላው እጁን አንሥቶ አመስግኖ ያልፋል። እንግሊዝ ከተማ ውስጥ የማይሰጠውን ሰላምታ እዚህ ይሰጣል።

ወደ ቁም ነገሩ ልመለስ። እኛ የምናዘወትረው ኦትሙር የሚባለውን ቦታ ዙሪያ ነው። ከሜሪልቦን በባቡር ተነሥተን ኢስሊፕ የምትባል መንደር እንወርዳለን፤ ከዚያ በኦዲንግተን፣ በቻርልተን፣ በፌንኮትና በመርኮት አድርገን፣ ቤክሊ የሚባለውን ዳገት ወጥተን፣ በኖክ በኩል ኢስሊፕ እንመለሳለን። ኦትሙር ከኦክስፎርድ በስተሰሜን ምሥራቅ ያለ ረግረጋማ ሜዳ ነው። ስፋቱ 4000 ኤከር ያህል ሲሆን፣ በእኛ አገር አለካክ 40 ጋሻ ግድም መሆኑ ነው። መንደሮቹ ዙሪያውን በትንንሽ ከፍታዎች ላይ ተቀምጠው ቁልቁል ያዩታል። በብርዱ ወራት ውኃ ይተኛበታል፤ በበጋ ሣር ነው። ለብዙ መቶ ዓመታት የእነዚህ መንደሮች የወል ግጦሽ ሆኖ ኖረ። መሬት የሌለው ድኻ እንኳ አንዲት ላምና ጥቂት ዝዮች አሰማርቶበት ልጆቹን ያሳድግ ነበር።

ከዚያ የማጠር ሕግ መጣ። እ.ኤ.አ. ከ1604 እስከ 1914 ድረስ ፓርላማው እንዲህ ያሉ 5200 ያህል ሕጎች አውጥቶ 6.8 ሚሊዮን ኤከር ያህል መሬት በአጥር አስገብቷል፤ ከእንግሊዝ መሬት አንድ አምስተኛው ገደማ ማለት ነው። የኦትሙር ተራ የደረሰው በ1815 ነበር። አሠራሩ በመላ አገሩ ተመሳሳይ ነበር፤ ትልቁ ባለመሬት ትልቅ ድርሻ ያገኛል፤ ትንሹ ትንሽ ያገኝና ያችኑ ለማጠር የሚጠየቀውን ወጪ ስለማይችል ይሸጣል፤ በወረቀት መብት የሌለው ባዶ እጁን ይቀራል። መሬቱን የሚያካፍሉት ኮሚሽነሮች መንገዱንም በማስመሪያ ያሰምሩት ነበር፤ ስፋቱ ብዙ ጊዜ ከአጥር እስከ አጥር 40 ጫማ ነው። ለዚህ ነው ብስክሌተኛ ታሪኩን መጽሐፍ ሳይገልጥ ማንበብ የሚችለው። መንገዱ የላም ዱካ እንደ ተከተለ ሁሉ እየተጠማዘዘ ከሄደ አሮጌ ነው፤ በሰፊ የሣር ዳርቻ መሐል እንደ ክር ቀጥ ብሎ ከሄደ ግን አጥሩ ሲመጣ አብሮ የመጣ መሆኑን ትጠረጥራለህ። በአንዳንድ የግጦሽ መስኮችም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሣሩ ሥር እንደ ማዕበል የተደረደረ ትልም ይታያል። አጥሩ ሳይመጣ በፊት ገበሬዎች በየትልማቸው ተካፍለው ያርሱት የነበረው ማሳ ነው። ሰዎቹ ከሄዱ ስንት ዘመን ሆናቸው፤ መሬቱ ግን አልረሳቸውም።

የኦትሙር ሰዎች ዝም ብለው አልተቀመጡም። በሴፕቴምበር 6 ቀን 1830 አንድ ሺህ ያህል ሰዎች በጠራራ ፀሐይ ተሰልፈው ሰባት ማይል የሆነውን የሜዳውን ዙሪያ እየዞሩ ያገኙትን አጥር ሁሉ አፈረሱ። ወታደር ተልኮ ብዙዎቹ ተያዙ፤ 40 ያህሉ በጋሪ ተጭነው ወደ ኦክስፎርድ እስር ቤት ሲወሰዱ ግን ቀኑ የሴንት ጃይልስ ገበያ ነበርና ሕዝቡ በድንጋይና በዱላ ወታደሮቹን ከብቦ ሁሉንም አስለቀቃቸው። እንዲህ ያለ ደስ የሚል ታሪክ መጨረሻው ባያምር ያሳዝናል፤ ሁከቱ ለጥቂት ዓመታት ቀጥሎ ቆመ፤ አጥሩ ግን ቀረ። እኛ በየእሑዱ የምንዞረው እነዚያ ሰዎች የዞሩትን ዙሪያ ነው ብል ብዙም አልሳሳትም።

ነገሩ ደግሞ በዚህ አላበቃም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ትላልቅ የእርሻ መኪናዎች ሲመጡ ጠባቡ ማሳ አላመቻቸውም፤ ባለእርሻዎቹ ራሳቸው በመንግሥት ድጎማ እየታገዙ አጥሩን ይነቅሉት ጀመር። ብዙ ከተነቀለ በኋላ በ1997 ነባር አጥር ያለ ፈቃድ መንቀል የሚከለክል ደንብ ወጣ። አጥር መንቀል በ1830 ለድኻው ወንጀል ነበር፤ በ1960 ለባለእርሻው ሥልጣኔ ሆነ፤ ዛሬ እንደገና ወንጀል ነው።

አሁን ወደዚያ እሑድ። የቤክሊን ዳገት ወጥተን፣ እንደ ልማዳችን ሜዳው ቁልቁል በሚታይበት ቦታ ተቀምጠን፣ ከፔርሙሱ ሻይ ቀዳን። ቀኑ ብሩህ ነበር። እኔ ታሪኩን ከጥቂት ጊዜ በፊት ያነበብኩ ቢሆንም ዓይኔ ያየው ውበቱን ብቻ ነው። "እንዲህ ያለ አጥር አይተህ ታውቃለህ?" አልኩት። "እያንዳንዱን ማሳ እንደ ጥለት ከብቦት!"

ዝም አለ። ከዚያ "ጋሼ፣ እኔ አጥር አምሮ አይታየኝም" አለኝ።

"ምነው?"

"አባቴ ጭሰኛ ነበር። ባለመሬቱ ትራክተር ያስመጣ ዓመት 'ከእንግዲህ አትፈለግም' ተባለ። ጎጆውን አፍርሶ ሲወጣ ማሳው በሽቦ ታጠረ። እኔ ገና አልተወለድኩም፤ ግን እናቴ ሽቦውን ስታነሣ ሰምቼ ነው ያደግኩት። ላማችን ከሽቦው ወዲህ ቆማ ማዶ ያለውን ሣር እያየች ትጮህ ነበር ትላለች።"

"ታዲያ እዚህ መምጣቱን ለምን ትወደዋለህ?"

"መንገዱን ነዋ!" አለ፤ ሣቀም። "መንገዱን ማን ያጥረዋል?"

(የብስክሌተኛ መንገድ ላይ የመሄድ መብት ራሱ በሕግ የተገኘ ነው፤ በየአካባቢው ይከለክሉት የነበሩትን ደንቦች የሻረው፣ ብስክሌትም እንደ ማንኛውም ሠረገላ ነው ብሎ የደነገገው የ1888ቱ ሕግ ነው። ይህን ያን ዕለት አላነሣሁበትም፤ ቦታው አልነበረም።)

እኔ ምን አልኩ? "ሻዩ ቀዘቀዘ" አልኩ።

አያቴ ክፉ ሰው አልነበሩም። ጾም የሚጾሙ፣ ድኻ የሚያበሉ፣ የልጅ ልጃቸውን በበቅሎ ከፊታቸው አስቀምጠው ማሳ የሚያስጎበኙ ሰው ነበሩ። ጭሰኞቹ ከምርቱ እኩሌታውን ያገቡላቸዋል፤ ማንም ይህን ነውር ነው ሲል አልሰማሁም። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን እርዳታ ካዱ የሚባለው የእርሻ ልማት ድርጅት ጭላሎ ውስጥ ተቋቋመ። ዓላማው ትንሹን ገበሬ ማገዝ ነበር። ይሁን እንጂ ምርጥ ዘሩና ማዳበሪያው እርሻን አትራፊ ሲያደርገው፣ ብዙ ባለመሬቶች ጭሰኛ ማስቀመጡን ትተው በትራክተር ማረስ መረጡ። አያቴም ከነዚህ አንዱ ነበሩ። አንድ ክረምት ስሄድ አብሬያቸው ኳስ የምጫወት ልጆች የሉም። ጎጆዎቹም የሉም። "የት ሄዱ?" ብዬ ስጠይቅ "ወደ ቆላ ወረዱ" ተባልኩ።

ከሁሉ የማልረሳው ግን ስንዴውን ነው። አያቴ ቤት በላይ ካለው ጉብታ ሆኜ ሳይ፣ በአረንጓዴው ማሳ መካከል ይበልጥ የጠቆሩ፣ ይበልጥ የረዘሙ ክብ ክብ ቦታዎች ነበሩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ እቆጥራቸው ነበር። ነፋስ ሲመጣ ከሌላው ስንዴ ተለይተው ይወዛወዛሉ። ማን እንደ ሠራቸው ሳላውቅ በጣም ያምሩኝ ነበር። ጎጆዎቹ የነበሩበት ቦታ መሆኑን፣ ስንዴውን ያፋፋው የዓመታት አመድና እበት መሆኑን የተረዳሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያም ሆኖ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ዛሬም ትዝ ሲለኝ መጀመሪያ የሚሰማኝ ውበቱ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ይኸው ነው። አንዳንድ ሰው "በዓለም ላይ ከማንም ያልተቀማ መሬት የት አለ? እንዲህ ከታሰበማ ዓይን ጨፍኖ መሄድ ነው" ይላል። እውነት አለው። እኔ ከቤክሊ ጉብታ ላይ ፊቴን ባዞር፣ በ1830 ዝዮቹን ለተነጠቀው ሰው ምን ይጠቅመዋል? ሌላው ደግሞ "ውበት ጥፋት የለበትም፤ ቁጥቋጦው ማን እንደ ተከለው አያውቅም" ይላል። ይህም እውነት ነው። እኔም ለብዙ ጊዜ በእነዚህ ሁለት መልሶች ተደላድዬ ኖሬያለሁ። ነገር ግን መልሱ እንዲህ ከቀለለ፣ ስለ ኦትሙር ለማንም ለማውራት የማላፍረው፣ ስለ አያቴ ማሳ ግን ለቅርብ ወዳጄ ትንፍሽ ያላልኩት ለምንድን ነው?

ሳስበው፣ የእንግሊዝን ገጠር እንዲህ የወደድኩት አንዱ ምክንያት ዕዳ ስለሌለብኝ ነው። ከኦትሙር ሰዎች የእኔ ወገን የወሰደው የለም። እዚህ መንገድ ላይ "የማን ልጅ ነህ?" ብሎ የሚጠይቀኝ አይመጣም። ስደት ብዙ ነገር ያሳጣል እንላለን፤ ያተረፈልንን ግን አንናገርም፤ ማንነታችን የማይታወቅበት ቦታ ላይ ንጹሕ ሆኖ መቆምን ሰጥቶናል። የሌላውን አገር ግፍ በቀን በቀን ቆጥሬ መናገር እችላለሁ፤ የእኔን ቤት ግን "ወደ ቆላ ወረዱ" ብዬ አልፈዋለሁ።

ቤተሰባችን ተሰብስቦ ስለ መሬት ሲያወራ ታሪኩ የሚጀምረው ከየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። የገጠር መሬት የሕዝብ መሆኑ የታወጀበት ዕለት ነው። አያቴ ያን ዕለት እንዴት እንዳለቀሱ፣ ማን እንደ ካዳቸው፣ በቅሎዋን ሳይቀር ማን እንደ ወሰዳት እናውቃለን። እኔም ለንደን ውስጥ፣ በየድግሱና በየለቅሶው፣ "መሬታችን ተወረሰ" እያልኩ ስንት ጊዜ ተርኬዋለሁ። ትረካው ሐሰት የለበትም። ነገር ግን ከተቀማንበት ቀን ይጀምራል፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ዓመታት፣ ክብ ክብ ቦታዎቹ፣ ኳስ ተጫዋቾቹ ልጆች የሉበትም። ተማሪው "መሬት ላራሹ" ብሎ አደባባይ የወጣው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ ከአያቴ ትራክተር ዓመታት አስቀድሞ ማለት ነው። አልሰማንም ልንል አንችልም።

ስለዚህ እንደሚመስለኝ በውበቱ መደሰት ነውር አይደለም። ልጅ ሆኜ ክቦቹን በመውደዴ አልጸጸትም፤ በሜይ ወር ነጩን አበባ ሳይም አንገቴን አልደፋም። ነውሩ የሚጀምረው ዋጋውን እያወቅን ውበቱን ብቻ ለይተን ስናወራ ነው፤ በተለይ የከፈለው ሰው ልጅ አጠገባችን ተቀምጦ ሻይ እየጠጣ። ለሱ መመለስ የምችለው መሬት የለኝም፤ የነበረውንም አዋጁ ወስዶታል። ያለኝ ታሪኩ ነው፤ እሱንም ግማሹን ደብቄ ይዤዋለሁ።

ይህን ለማሰብ ከሴፕቴምበር እስከ ሜይ ፈጀብኝ። ባለፈው ወር፣ መርኮት አለፍ ብለን ካላማዳሪያዬ ተንፍሶ ስንለውጥ፣ እጃችን በሰንሰለት ቅባት እንደ ጠቆረ፣ ሁሉንም ነገርኩት። አያቴን፣ ትራክተሩን፣ ክቦቹን። የአባቱ ጌታ አያቴ አልነበሩም፤ ስንነጋገር ቦታው ሌላ መሆኑን አወቅን። ለእኔ እፎይታ ሊሆነኝ ይገባ ነበር፤ አልሆነም። እሱ ጎማውን ነፍቶ ጨረሰ፤ ምንም ሳይለኝ ብስክሌቱ ላይ ወጥቶ ሄደ።

ያን ዕለት ቤክሊ ጫፍ ላይ አልጠበቀኝም። ኖክም አልነበረም። ሄደ ብዬ ኢስሊፕ ስደርስ ጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ባቡሩ እስኪመጣ ብዙ ጊዜ ነበረን። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ጥቂት ቆይቶ፣

"ይህን መጽሔቱ ላይ ሊጽፉት ነው፣ አይደል ጋሼ?" አለኝ።

"ካልከፋህ።"

"ይጻፉት። የላሚቱን ስም ግን አይርሱ። ቦራ ነበር የምትባለው።"